ጉና ላይ የማያሞቅ ሂተር፦ የአንድ ፒካፕ ጉዳይ

መነሻ

ባህር ዳር ላይ ስለ መኪና ሂተር የሚያስብ ሰው ብዙም የለም። ከተማዋ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ጣና ዳር ደሞ ከየካቲት ጀምሮ ያለው ወበቅ ይታወቃል፣ ጋራዥ የሚመጣልኝ ሰው ስሞታው «ኤሲው አይቀዘቅዝም» እንጂ «ሂተሩ አያሞቅም» አይደለም። እዚህ ሙያ ላይ 14 ዓመት ሆኖኛል፣ ለሂተር ብለው የመጡትን በጣት ነው የምቆጥራቸው። ለዛም ይመስለኛል ብዙዎቻችን ሂተርን እንደ ትርፍ ነገር የምናየው።

ይሄኛው ጉዳይ ታህሳስ ላይ መጥቶ ሁለት ሳምንት ያህል ይዞኝ ከረመ፣ መሃል ላይ እኔም ተሳስቼ «አልቋል» ብዬ መኪናውን መልሻለሁ። ስራ ላይ ላሉ ልጆችም ለባለመኪኖችም ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ከነስህተቴ እጽፈዋለሁ። የማንንም ስም አልጠራም፣ ከኔ በፊት የነኩትን ጋራዦችም የመኪናውንም ብራንድ አልጠቅስም፣ ችግሩም ከፋብሪካ የመጣ አይደለም።

መኪናውና ስራው

መኪናው ደብል ጋቢና ዲዝል ፒካፕ ነው፣ 20 ዓመት ያለፈው፣ ኤሌክትሮኒክስ ያልበዛበት፣ ሂተሩ በኬብል የሚሰራ። ባለቤቱ ስድሳን የተጠጉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ስራቸው ከጣና ቆሮሶና አምባዛ፣ ከወረታ ደሞ የፎገራ ሩዝ ጭነው ደብረ ታቦርና ጋይንት ማድረስ ነው። ዓሣው ፀሐይ ሳያገኘው መድረስ ስላለበት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይነሳሉ።

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። እስከ ወረታ ሜዳ ነው፣ ከዛ አለምበርን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር መውጣት ይጀምራል፣ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከዛ ወዲያ ደሞ የጉናን ትከሻ ይዞ ወደ ነፋስ መውጫ ሲሄድ 3,000 ሜትር ይደርሳል። ተራራው ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ታህሳስ ሌሊት ላይ እዛ ያለው ውርጭ ጋቢም ካፖርትም የሚበቃው አይነት አይደለም።

ችግሩ

መጀመሪያ ሲነግሩኝ እኔ የገባኝ ስለ ብርዱ ነበር። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ብርዱንስ በጋቢ እችለዋለሁ፣ ያልቻልኩት መስታወቱን ነው» አሉኝ። ሦስት ሰው ጋቢና ውስጥ ሲተነፍስ የፊት መስታወቱ ያልበዋል፣ ውጪ ደሞ የጉና ጉም አለ፣ ረዳታቸው በፎጣ እየጠረገላቸው ነው የሚነዱት። ጋራዥ ያመጣቸው አንድ ሌሊት ነው፣ ክምር ድንጋይ አካባቢ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች አህዮች እየነዱ ነበር፣ ጋሼ አህዮቹን ያዩአቸው መኪናው አጠገባቸው ከደረሰ በኋላ ነው። ማንም አልተጎዳም። ግን ሲነግሩኝ ድምጻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እኔም ከዛች ደቂቃ በኋላ ይሄን ስራ እንደ ምቾት ጉዳይ ማየት አቆምኩ።

ከኔ በፊት ሁለት ቦታ ታይቷል። አንደኛው ጋ የኤሲ ጋዝ ሞልተውላቸዋል። ሂተር ከኤሲ ጋዝ ጋር አይገናኝም፣ ሂተር የሚያሞቀው የሞተሩ ውሃ በዳሽቦርዱ ስር ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ሲያልፍና ማራገቢያው በሷ ላይ ሲነፍስ ነው። ሁለተኛው ጋ ማራገቢያውን ቀየሩላቸው፣ ንፋሱ በረታ፣ ቀዝቃዛ ንፋስ በርትቶ ምን ያደርጋል። ጋሼ ራሳቸው ደሞ የሆነ ሰው መክሯቸው ከራዲያተሩ ፊት ካርቶን ያደርጋሉ። ትንሽ የረዳቸው እሱ ነው፣ ይሄ ካርቶን ትልቅ ፍንጭ እንደነበር የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራና ስህተቴ

ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ። ውሃው ቡናማ ነው፣ ኩላንት የሚባል ነገር (ከውሃው ጋር የሚቀላቀለው የራዲያተር ፈሳሽ) የለበትም፣ ሁለት ሊትር ያህልም ጎድሏል። ውሃ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቀርበት ሂተሩ ነው፣ ትንሿ ራዲያተር ብዙ መኪና ላይ ከፍ ብላ ስለምትቀመጥ አየሩ እሷ ጋ ይጠራቀማል። ሞላሁት፣ ክዳኑን ከፍቼ አስነስቼ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅኩ፣ ከዛ እጄን አየር ማውጫው ላይ አደረግኩ፣ ሞቅ ያለ ነገር ይወጣል። በቃ ተገኘ ብዬ መለስኩላቸው።

በሦስተኛው ቀን ከመንገድ ደወሉ። «ልጄ፣ ያው ነው» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ስህተቴ ሁለት ነበር። አንዱ፣ መጀመሪያ ያገኘሁትን ጥፋት ብቸኛው ጥፋት አድርጌ ማቆሜ ነው። ሌላው፣ የሞከርኩት ባህር ዳር እኩለ ቀን ላይ፣ ውጪው 27 ዲግሪ በሆነበት፣ በእጄ መሆኑ ነው። በዛ ሰዓት ደካማ ሂተርም ሞቃት ይመስላል፣ ምክንያቱም የሚገባው አየር ራሱ ሞቃት ነው። ጉና ላይ የሚገባው አየር ዜሮ አካባቢ ሲሆን ግን ያው ሂተር ምንም አይሰጥም።

ጥያቄ መጠየቅ

መኪናው ሲመለስ ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት ቁጭ ብለን አወራን፣ ይሄን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ። «ጋሼ፣ ንፋሱ ነው ደካማ ወይስ ንፋሱ ጠንካራ ሆኖ አይሞቅም?» ንፋሱ ጥሩ ነው አሉ። «መቼ መቼ ይሻልዎታል?» ብል ትንሽ አሰቡና የአለምበርን ዳገት ስንወጣ ይሞቃል፣ ሜዳና ቁልቁለት ላይ ይጠፋል አሉኝ። የሙቀት ጌጁ የት ይቆማል ስላቸው «ሩቡም አይደርስ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። ዳገት ላይ ሞተር ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ብዙ ሙቀት ያወጣል፣ ቁልቁለት ላይ ደሞ ዲዝል ምንም ያህል አያሞቅም። ጌጁ ከሩብ በታች፣ ካርቶን ሲጋረድበት መሻሻል፣ ዳገት ላይ መሞቅ፣ ሦስቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ሞተሩ ራሱ አይሞቅም። ጌጅ ዝቅ ማለቱን ሰው እንደ ጤና ነው የሚያየው፣ ግን የተሞቀ ሞተር ጌጁ መሃል አካባቢ ነው መቆም ያለበት።

በነጋታው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መኪናው ቀዝቅዞ ሳለ አስነሳሁትና የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ያዝኩ። ቴርሞስታት፣ ማለት እንደ ሙቀቱ የሚከፈትና የሚዘጋ የውሃ ቫልቭ፣ ያለው ሞተር ላይ ይሄ ጎማ ለረጅም ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ቴርሞስታቱ ሲከፈት ድንገት ይሞቃል። የዚህኛው ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ከሞተሩ ጋር እኩል ቀስ እያለ ለብ አለ። የቴርሞስታቱን ቤት ሁለት ቡሎን ፈትቼ ከፈትኩት፣ ባዶ ነው። የቀለበቱ ምልክት ብቻ አለ፣ ዙሪያው ዝጓል።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን አወጣው?» አልኳቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አለምበር ዳገት ላይ ሞተሩ ፈልቶባቸው ነበር፣ ያኔ ያየላቸው መካኒክ «ይሄ ለኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጣለው። እውነት ለመናገር ይሄን አባባል ያልሰማ መካኒክ የለም፣ እኔም ልጅ ሆኜ ስለማመድ ሲባል ሰምቼ ሳልጠይቅ ነው የተቀበልኩት። ቴርሞስታት ግን የብርድ አገር እቃ አይደለም። ስራው ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ መዝጋትና ከዛ በኋላ ሙቀቱን አንድ ቦታ ላይ መያዝ ነው። ሲወጣ ውሃው ሁልጊዜ በራዲያተር ይዞራል፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሰራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደር ቶሎ ይበላል፣ ዘይቱ ይበላሻል። የሂተሩ መዳከም ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሹፌሩ የሚሰማው ብቸኛው ምልክት ነው።

ከመመለሱ በፊት

ቴርሞስታት ገዝቶ ማስገባት ቀላል ነው፣ ግን ያስወጣው ምክንያት እዛው ካለ መኪናው አለምበር ላይ ደግሞ ይፈላል፣ ቴስታታውንም (የሞተሩን የላይ ክዳን) ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ለምን ፈላ የሚለውን መመለስ ነበረብኝ። በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደቅኑት የነበረው አይነት፣ ግን ለማሽን የሚሆን ቴርሞሜትር አለኝ፣ በሱ የራዲያተሩን ፊት ነጥብ በነጥብ ለካሁት። ታችኛው ሲሶ ከላይኛው በጣም ይቀዘቅዛል፣ ማለት ውሃ አያልፍበትም፣ ተደፍኗል። የክዳኑ ላስቲክም ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ግፊት አይዝም።

ክዳኑን ሰው ይንቀዋል፣ እኛ አገር ግን ዋና ነገር ነው። ውሃ ባህር ዳር ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ 3,000 ሜትር ላይ 90 አካባቢ። ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ የሚፈላበትን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ሲበላሽ ጉና ላይ ሞተርህ ከመፍላት የሚለየው ጥቂት ዲግሪ ነው።

ራዲያተሩን አውርደን ራዲያተር ቤት ሰጠነው፣ የላይኛው ጣሳው ተከፍቶ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ተጠረጉ። ክዳኑን ቀየርኩት።

የጉማራ ደለል

ራዲያተሩ ያን ያህል ከተደፈነ ትንሿም አትተርፍም ብዬ የሂተሩን ሁለት ጎማዎች ለካሁ። የሚገባው 62 ዲግሪ፣ የሚወጣው 34። ጤነኛ ሂተር ላይ ልዩነቱ ይሄን ያህል አይሰፋም፣ ሁለቱም ጎማ ለእጅ ትኩስ ናቸው። አንዱ ትኩስ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች ወይ ውሃ ወደ ሂተሩ የሚያሳልፈው መክፈቻ አልተከፈተም። መክፈቻውን አየሁት፣ ኬብሉ ከማሰሪያው ተንሸራትቶ ማንሻው «ሙቅ» ላይ ሲደርስ መክፈቻው ሁለት ሦስተኛ ላይ ይቆማል። እሱን በአስር ደቂቃ አስተካከልኩት።

ከዛ ሁለቱንም ጎማ ፈትቼ የቧንቧ ውሃ በተቃራኒው በኩል፣ በመውጫው አስገብቼ በመግቢያው እንዲወጣ አደረግኩ። ረዳቴ በኮምፕረሰር እንንፋው ብሎኝ ነበር፣ ከለከልኩት፣ ያረጀች ራዲያተር በአየር ግፊት ከቀደድክ ዳሽቦርዱን ሙሉ መፍታት ነው የሚጠብቅህ። የሚወጣውን በነጭ ጄሪካን ተቀበልነው። መጀመሪያ የዝገት ቀለም ያለው ውሃ ወጣ፣ ከዛ ለስላሳ ቀይ ቡናማ ደለል መጣ፣ ጄሪካኑ ስር ሁለት ጣት ያህል ረጋ። ጋሼ አጎንብሰው ጣታቸውን ነከሩበት፣ አሻሹት፣ «ይሄ እኮ የጉማራ አፈር ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ውሃ ሲጎድል ሐሙሲትን አልፈው ጉማራ ድልድይ ላይ ይቆሙና ረዳታቸው ከወንዙ በጄሪካን ቀድቶ ይጨምራል፣ ክረምትም በጋም፣ ለዓመታት። ጉማራ የሚነሳው ከጉና ነው፣ ክረምት ላይ አፈር ሆኖ ነው ጣና የሚገባው። በየጊዜው የገባው ደለል ቀጭኗ ቱቦ ውስጥ ተቀምጧል። አርባ ደቂቃ ያህል አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ በኩል እያፈራረቅን ንጹህ ውሃ እስኪወጣ አጠብነው።

ቴርሞስታቱን መሞከር

ከገበያ የገዛሁትን ሳልሞክር አላስገባም፣ ይሄንንም ሞከርኩት። ዘዴው ቀላል ነው፦ ክር በቫልቩ መሃል ታስነክስና ቴርሞስታቱን በክሩ ድስት ውስጥ ታንጠለጥላለህ፣ ውሃውን ቀስ ብለህ ታሞቃለህ፣ ቫልቩ ሲከፈት ክሩ ይለቀዋል፣ ያኔ ቴርሞሜትሩን ታነባለህ። የመጀመሪያው ላዩ ላይ 82 ይላል፣ 70 ላይ ወደቀ። መለስኩት። ሁለተኛው 82 እና 83 መሃል ላይ ለቀቀ።

አንድ የሚያሳስት ነገር ልንገራችሁ። 82 ላይ የሚከፍተው አይነት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው፣ ባህር ዳር ውሃ ደሞ ክፍት ድስት ውስጥ 94 ላይ ይፈላና ከዛ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ «እየፈላ እንኳን ሙሉ አልተከፈተም» ብለህ ጤነኛውን እንዳትጥል። እዚህ ከፍታ ላይ በድስት የምታየው መክፈት መጀመሩን ነው።

አዲስ ጋርኒሲዮን (ውሃ እንዳያልፍ መሃል የሚገባው ማሸጊያ)፣ አየር ማስወጫ ቀዳዳዋ ወደ ላይ፣ ኩላንት ከንጹህ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ። አየሩን ለማስወጣት አፍንጫው ከፍ የሚልበት ዳገት ያስፈልጋል፣ ከተማው ሜዳ ስለሆነ ቤዛዊት ወስጄ ዳገቱ ላይ አቆምኩት፣ ሂተሩ ሙሉ ተከፍቶ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሞተሩ እየሰራ። ከትንሿ ራዲያተር የቀረው አየር ትልልቅ አረፋ እየሆነ ወጣ፣ ሁለት ጊዜ ሞላሁት።

ውጤት፣ ያልሰራውም

ከጥገናው በፊት ጠዋት ላይ ከማውጫው የሚወጣው አየር 33 ዲግሪ ነበር፣ በኋላ 56። ግን ቀድሞ ባህር ዳር ላይ ሞክሬ ስለተሳሳትኩ በዚህ አልረካሁም፣ ጋሼን ለምኜ በሌሊቱ ጉዞ አብሬ ሄድኩ። ሐሙሲት ሳንደርስ ጋቢናው ሞቀ። አለምበር ዳገት ላይ ዓይኔ ከጌጁ አልተነሳም፣ መሃል ላይ ቆመ፣ አልተንቀሳቀሰም፣ ቁልቁለት ላይም እዛው።

መስታወቱ ግን ከደብረ ታቦር በኋላ ማላብ ጀመረ። ደነገጥኩ። ሙቀቱ አለ፣ ንፋሱ አለ፣ ለምን? በስልክ መብራት ማንሻዎቹን ሳይ የአየር ማስገቢያው ማንሻ የጋቢናውን አየር መልሶ የሚያዞረው ላይ ነው፣ ለአቧራ ብለው የዛሬ ስንት ዓመት አድርገውት እዛው ቀርቷል። የሦስት ሰው ትንፋሽ እዛው ይሽከረከራል። ወደ ውጪ አየር መለስኩት፣ ኤሲውንም አብሬ ከፈትኩ፣ ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ ከሂተር ጋር ሲሰራ መስታወት ቶሎ ያጠራል፣ የዛን የጋዝ ሙሌት ጥቅም እዚህ አገኘነው። በጥቂት ደቂቃ መስታወቱ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ሄደ። ረዳቱ ፎጣውን ለመጥረግ ይዞ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ ክምር ድንጋይን ስናልፍ ተኝቷል።

ያልተስተካከለው የኋላ ወንበር ነው፣ እግር ስር የሚደርሰው ሙቀት አሁንም ትንሽ ነው፣ ይሄ መኪና ለኋላ የአየር መስመር የለውም።

ለሌላ መኪና የሚሆነው

ሂተር ደካማ ነው ሲባል መጀመሪያ ንፋሱና ሙቀቱ ይለዩ። ንፋስ ከሌለ ማራገቢያ፣ ሙቀት ከሌለ ውሃ ነው። ቀጥሎ ውሃው ሞልቷል ወይ፣ ሞተሩ ራሱ ይሞቃል ወይ፣ ሁለቱ የሂተር ጎማዎች እኩል ይሞቃሉ ወይ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ምንም ሳይፈታ አብዛኛው ይታወቃል። እኔ የመጀመሪያው ላይ ቆሜ ነው ሦስት ቀን ያባከንኩት።

ባለመኪኖች፣ ቴርሞስታት ይውጣ ከተባላችሁ ለምን እንደፈላ መልስ ሳታገኙ እሺ አትበሉ። ክዳን፣ ራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ማራገቢያ፣ ቺንጋ (ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ ከነዚህ አንዱ ነው አብዛኛውን ጊዜ። ጭራሽ አንዳንድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲወጣ የውሃው አቋራጭ መንገድ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር የተወሰነው ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ይመለሳል፣ ዳገት ላይ ይብሳል እንጂ አይሻልም። የወንዝና የሐይቅ ውሃ ደሞ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፣ የግድ ከሆነባችሁ እንደደረሳችሁ አስጥባችሁ ቀይሩት።

አሁን ያለበት

ጋሼ ባለፈው ወር ዘይት ሊቀይሩ መጥተው ክዳኑን ከፍቼ አየሁት፣ ኩላንቱ አረንጓዴ ነው፣ ንጹህ ነው። ግማሽ ጣት ያህል ግን ጎድሏል። ፋሸታዎቹን (የጎማ ማሰሪያዎቹን) በሙሉ አጠበቅኩ፣ የውሃ ፓምፑ ስር ትንሽ የደረቀ አረንጓዴ ምልክት አለ፣ በሚቀጥለው ሲመጡ ፓምፑን እናወርደዋለን ብለን ተስማምተናል። እስከዛው ረዳታቸው የተቀላቀለ ኩላንት በጄሪካን ይዞ ይሄዳል፣ ጉማራ ላይ መቆሙ ቀርቷል።